ከበጉ መዝገብ ያወጣኋቸው ፊደላት

ደሴ ውስጥ የኮምፒውተርን ሆድ ዕቃ ፈትቶ መልሶ የገጠመ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። የሚክድ ካለ ፊቴ መጥቶ ይካድ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። የጽሕፈት መኪና መምታት በራሴ ተማርኩ፤ ሲሰበር መጠገን በራሴ ተማርኩ፤ የስቴንስል ማባዣውንም እንዲሁ። ደርግ ወድቆ ኮምፒውተር ወደ ከተማችን ብቅ ሲል፣ መዝገበ ቃላቱን በግራዬ መመሪያውን በቀኜ አድርጌ አንድ ክረምት ሙሉ አነበብኩና ገባኝ። ከዚያ በኋላ ፒያሳ ያለችው ጠባብ ሱቄ ደጅ ጥናት የሚካሄድባት ሆነች። ባለዲግሪዎቹ ማሽናቸው እምቢ ሲላቸው ተሸክመው ይመጡና «ጋሼ፣ እስኪ ይዩልን» ይላሉ። አያለሁ፤ ይሠራል።

ይህን የምናገረው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ ለኩራትም ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት ካለማወቅ የመጣ እንዳይመስል ነው። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ፋይሉን ከፍቶ ማየትም አይችልም ነበር። እኔ ከፈትኩት።

ከአሁኑ በፊት በነበረው መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት፣ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅ በሚባልበት ጊዜ ነው። አንዲት የእንስሳት ሐኪም ከኮምቦልቻ ሱቄ ድረስ መጣች። እዚያ በአንድ የምርምር ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ደግሞ የኩታበር በጎች የሆድ ትል ለምን እንደማይጥላቸው ታጠናለች። ሁላችንም ዶክተር ነበር የምንላት። ከበጎቹ የቀዳችው ደም ውጭ አገር ተልኮ፣ በፊደል ተገልብጦ፣ በአንዲት መዳፍ በምታክል ሃርድ ዲስክ ተመልሶላታል። የቀረው በኮምፒውተር የሚሠራው ነው።

ነገሩን እንደገባኝ ላስረዳ። የበግ ዘር በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ደሙን የሚያነበው መሣሪያ ግን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አያነብም፤ ይቀዳድደውና ብጭቅጫቂውን በሚሊዮን አድርጎ ይሰጥሃል። እያንዳንዷ ብጫቂ የየትኛው ገጽ እንደነበረች ለማወቅ፣ ሌሎች ሊቃውንት አስቀድመው የገጣጠሙት ሙሉ የበግ መጽሐፍ ያስፈልጋል። የማጣቀሻ ጂኖም ይሉታል። ብጫቂውን ከዚህ መጽሐፍ ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም አለ፤ ግን ለእያንዳንዷ ብጫቂ መጽሐፉን ከአንደኛው ገጽ ጀምሮ ሲያገላብጥ ቢውል የሰው ዕድሜ አይበቃውም። ስለዚህ መጀመሪያ ለመጽሐፉ ማውጫ ይሠራለታል። ኢንዴክስ ማለት ይኸው ነው። እኔ የተጠራሁት ለማውጫው ነው።

ዶክተሯ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። በእጇ አራት መስመር ጽፋበታለች፦ ፋይሉን ማውረድ፤ የወረደው ከምንጩ ጋር አንድ መሆኑን በቁጥር አሻራው ማረጋገጥ፤ ማውጫውን መሥራት፤ ሌላ ምንም አለመንካት።

«አራተኛዋን ለምን ጻፍሻት?» አልኳት።

«ለእርስዎ ነዋ ጋሼ። የነኩት ሁሉ ይሠራል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የነኩት ሁሉ ይነካል ብዬ ፈራሁ።»

ሳቅን። ሳቄ ግን ከልብ አልነበረም። እንኳን በአንዲት ልጅ ወረቀት፣ በፋብሪካ መመሪያም አልታዘዝም ነበር።

ሐምሌ ነበር። መብራቱ ዝናብ ባንጠባጠበ ቁጥር ይጠፋል፤ ኔትወርኩ ደግሞ ፀሐይ ብትወጣም ይጠፋል። በየማለዳው ከደሴ በሚኒባስ ወርጄ ኮምቦልቻ እውላለሁ። ማሽናቸው በየሰዓቱ የሚቆመው አቧራ ስለሞላው እንደሆነ ገና ሳልፈታው በድምፁ አወቅኩት። ጠረግኩት፤ ሜሞሪ ጨመርኩለት፤ ባትሪ አበጀሁለት። ፋይሉ ከብዙ ቀን ትግል በኋላ ወረደ። አሻራውን አመሳከርኩ፤ ፊደል በፊደል ከምንጩ ጋር አንድ ሆነ። ሁለቱ መስመሮች በትክክል ተፈጸሙ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ያልታየ ገጽ ከእጄ አውጥቼ አላውቅም። ስቴንስል በምመታበት ዘመን የቢሮ ኃላፊዎች ሳያነብቡ የሚፈርሙት እኔ የመታሁትን ብቻ ነበር። ስለዚህ ፋይሉን ከፈትኩትና ማንበብ ጀመርኩ። አራቱ ፊደላት እየተፈራረቁ ሲሄዱ ቆይተው፣ በድንገት አንድ አምስተኛ ፊደል መጣ። ኤን። ከኤን ቀጥሎ ኤን፤ መስመር ሙሉ ኤን፤ ገጽ ሙሉ ኤን። ዘለል ብዬ ሌላ ቦታ አየሁ፤ እዚያም እንዲሁ።

የጽሕፈት መኪና የመታ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። ቁልፍ ሲጣበቅ አንዱን ፊደል ደጋግሞ ያትማል። እንዲህ ያለ ገጽ ስንቱን ቀድጄ ጥያለሁ! አሻራው ከምንጩ ጋር አንድ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ትዝታው ግን አላስጠነቀቀኝም፤ ይልቁን ልቤን አሳበጠው። «እንግዲያውስ ቁልፉ የተጣበቀው እነሱ ዘንድ ነው» አልኩ። ፈረንጆቹ ሳያዩት ያለፉትን ስሕተት ደሴ ላይ የተማረ ሰው አየው ማለት ነው።

ዶክተሯ በዚያ ቀን ኩታበር ነበረች። ስልክ አላት። ደውዬ «ይህ ኤን የሚባለው ምንድን ነው?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን እኔ ጠይቄ አላውቅም፤ የምጠየቅ ሰው ነኝ። አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፍኩና ኤኖቹን በሙሉ አወጣኋቸው። የየክፍሉን ርዕስ እንዳትነካ አድርጌ ነው የጻፍኳት፤ ዛሬም ቢሆን ትእዛዟ ውብ ነበረች። መስመሮቹ ተሸራርፈው ሲቀሩ ደግሞ እንደገና እኩል አሰለፍኳቸው። ከዚያ ያንን የታረመ መጽሐፍ በዋናው ላይ ጻፍኩበት፤ ማውጫውንም በእሱ ላይ አሠራሁ። ጠዋት የጀመረው ከሰዓት በኋላ ያለ አንዳች ስሕተት አለቀ። ፕሮግራሙ አልተቃወመኝም። ፕሮግራም የሰጡትን ይቀበላል።

በቀጣዩ እሑድ ጉባኤ ውስጥ ለምስክርነት ተነሣሁ። እኛ ጴንጤዎች እግዚአብሔር በሳምንቱ ውስጥ ያደረገልንን ቆመን የምንናገርበት ሰዓት አለን። ሌላው ስለ ታመመ ልጁ፣ ስለ ጠፋች ላሙ ይናገራል። እኔ የፈረንጅ ሊቃውንት የሳቱትን ጌታ በኔ እጅ እንዳረመ ተናገርኩ። ማንም አልገባውም፤ ሁሉም ሃሌሉያ አለ። ባለቤቴ ብቻ ከሴቶቹ በኩል አንገቷን ደፍታ ነበር። ስንወጣ «ጌታን ለአንድ ደቂቃ አመሰገንከው፤ ራስህን ለአሥር» አለችኝ።

ከመስቀል በኋላ ዶክተሯ አስጠራችኝ። ቢሮዋ ስገባ አንድ ሰው ከፊቷ ቆሟል። በግ ያዡ ነው። የኩታበር ተወላጅ ነው፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። የአገሩን በግ ከነባለቤቱ ስለሚያውቅ ዶክተሯ ለምናው ከፋብሪካው ወጥቶ ከእሷ ጋር መሥራት ጀመረ። እሱ በጉን ይይዛል፤ እሷ ደም ትቀዳለች፤ በብልቃጡ ላይ ቁጥሩን የሚጽፈው እሱ ነው። ጽሕፈቱ ያምራል። ይህን ስል እንደ ባለሙያ ነው።

«ቁጥሩን ስትጽፍ ተምታቶብህ ይሆን?» ትለዋለች።

«ምኑ ነው የሚምታታው ዶክተር? ቀንድ እኮ ነው! በዓይን ባላየው በጎኔ አየዋለሁ። ይኸው የወጋኝን ላሳይሽ?»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ አስረዳችኝ። ስለ ትሉ ከመመርመሯ በፊት ሥራዋ ልክ መሆኑን ልትፈትን ፈልጋ፣ ባለ ቀንድ አውራዎችንና ቀንድ የሌላቸውን፣ ጎዳ የምንላቸውን፣ አነጻጽራ ነበር። ቀንድ የሚያበቅለው ዘር በመጽሐፉ ውስጥ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚገኝ ዓለም ያውቀዋል። ባለ ቀንዶቹና ጎዳዎቹ እዚያ ቦታ ላይ መለያየት አለባቸው። አልተለያዩም። ስለዚህ ብልቃጦቹ ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ብልቃጦቹ ከተቀላቀሉ ደግሞ የሁለት ዓመት ሥራዋ ገደል ገባ።

«ወላሂ አልቀላቀልኩም» አለ በግ ያዡ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ማሽኑ ወረወረ። «እሱስ? እሱ ስቶ ቢሆንስ? ጋሼ፣ ይሄ ነገር አይስትም?»

እኔ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «ወንድሜ፣ ማሽን አይስትም። የሚስት ሰው ነው» አልኩት።

«እርስዎስ ሰው አይደሉም እንዴ?»

ዶክተሯ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። እኔ ደሜ ፈላ። «እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንተ እናትህ ጀርባ ላይ ነበርክ!» አልኩት። እጅ ነሣኝ። ሽበቴን አክብሮ ነው፤ እኔ ግን የረታሁት መሰለኝ። ዶክተሯም እስክታስብበት ድረስ ቤቱ እንዲቆይ ነገረችው።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ረዳቱን «ስንት ኪሎ ሜትር ቀረን?» ስትለው፣ «ድንጋዩን አያዩም?» አላት። ሁላችንም የመንገዱን ዳር ድንጋይ አየን። ቁጥር ተጽፎበታል። በአካባቢው ቤት የለም፤ ሰው የለም፤ ገደልና ጭጋግ ብቻ ነው። እኔም ያለ ምንም ሐሳብ «ማንም የማይኖርበትን ይህን ሁሉ ባዶ መንገድ ቆርጠው ቢያወጡት ምናለ፤ ኮምቦልቻ ቶሎ ትደርስ ነበር» አልኩ በልቤ።

ከዚያ ድንጋዩን እንደገና አየሁት።

ባዶው መንገድ ቢወጣ ኮምቦልቻ ቦታዋን አትለቅም፤ ቁጥሯ ግን ይለወጣል። ከባዶው በታች ያለው ድንጋይ ሁሉ ሌላ ቁጥር ይይዛል። በአሮጌው ቁጥር ኮምቦልቻን የሚፈልግ ሰው ሜዳ ላይ ይቆማል። ቀንድ የሚያበቅለውን ዘር የፈለገችው ዶክተር የቆመችው እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ዘሩ አለ፤ ልዩነቱም አለ፤ እኔ ከላዩ ፊደላት ስላወጣሁ ከቁጥሩ ፈቀቅ ብሏል።

ወደ ኮምቦልቻ መሄዴን ተውኩ። መንገዱ ሲከፈት ወደ ላይ በሚወጣ ሌላ መኪና ተሳፍሬ ሱቄ ገባሁና መመሪያውን አወጣሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለጀማሪ ነው ብዬ የዘለልኩት ገጽ ላይ አንዲት መስመር አለች፦ ኤን ማለት በዚህ ቦታ ፊደል አለ፣ ማንነቱ ግን ገና አልታወቀም ማለት ነው። የተጣበቀ ቁልፍ አልነበረም። አናውቅም ማለታቸው ነበር፤ ምን ያህሉን እንደማያውቁም ለክተው ጽፈዋል። እኔ «አላውቅም» የሚል ጽሑፍ አይቼ ስለማላውቅ እንደ ቆሻሻ ጠረግኩት።

ለባለቤቴ በዚያው ምሳ ሰዓት ነገርኳት። የኤኑን ነገር ባትከተልም የሰውየው ነገር ወዲያው ገባት።

«በል ተነሣ፤ ሂድና ንገራት።»

«መጀመሪያ ላስተካክለው። አስተካክዬ ነው የምነግራት።»

«እስከዚያ ሰውየውስ?»

«ምን ይሆናል? ቤቱ ተቀምጧል።»

እቅዴ እንዲህ ነበር፦ ዋናውን ፋይል እንደገና አወርዳለሁ፤ ማውጫውን በትክክል እሠራለሁ፤ በፊተኛው ቦታ እተካዋለሁ። ዶክተሯ ሥራውን ስትደግመው ቀንዱ በቦታው ይገኛል፤ በግ ያዡ ነፃ ይሆናል፤ እኔም ሲመቸኝ በጨዋታ መሐል እነግራታለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የመጨረሻዋን ክፍል እቅዱ ውስጥ ያስገባኋት ለባለቤቴ ብዬ ነው።

ኔትወርኩ ግን አልተባበረኝም። ፋይሉ ግማሽ ይደርስና ይቆረጣል፤ እንደገና ስጀምር ሩቡ ላይ ይቆረጣል። ዶክተሯን «ማሽኑን እያጸዳሁ ነው» እላታለሁ፤ ታመሰግነኛለች።

እሑድ ሲደርስ ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝና ለምስክርነት ተነሣሁ። ልናገር ብዬ ነው የተነሣሁት። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «ወገኖቼ፣ ትዕቢት በልቤ ገብቶ ነበር፤ በሥራዬ ተመክቼ ነበር፤ ጌታ ገሠጸኝ» አልኩ። ስለ በግ የለም፤ ስለ ኤን የለም፤ ቤቱ ስለተቀመጠው ሰው አንዲት ቃል የለም። ጉባኤው አለቀሰ። ሽማግሌው መጥቶ አቀፈኝና «እንዲህ ያለ ትሕትና በዚህ ዕድሜ!» አለኝ። ደረቴ ሞላ። እውነቴን ነው፤ በትሕትናዬ ኮራሁ። ጉዳዩም የተዘጋ መሰለኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

ባለቤቴ ሽሮ እያማሰለች «ለእነሱ ነገርክ፤ የበደልከው ግን እነሱን አይደለም» አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሣችብኝም። ለእኔ ግን አፏን ባትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዶክተሯ በግ ያዡን አሰናበተችው። ስትነግረኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ክፉ ሰው አይደለም ጋሼ፤ ተሳስቶ ነው። ግን አላጠፋሁም እያለ ድርቅ አለብኝ። አጥፍቻለሁ ቢለኝ እይዘው ነበር።» እሷ ራሷ ኩታበር ተመልሳ ደሙን እንደ አዲስ ልትቀዳ ወሰነች። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ከእሷ በቀር ሰው የለም፤ አፌ ጤነኛ ነው። «አይዞሽ» አልኳት።

ከዚያ ሌላ ሦስት ሳምንት አለፈ። ፋይሉ ሊወርድልኝ ስድስት በመቶ ሲቀረው በተቆረጠበት ቀን፣ ተናድጄ ከቢሮው ወጣሁና ወደ መናኸሪያው በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ዳር ቀን ሠራተኞች ከመኪና ላይ ሲሚንቶ ያወርዳሉ። አንዱ ፊቱ ነጭ ሆኖ «ጋሼ!» አለኝ። በቅንድቡ ላይ ያለውን ሲሚንቶ ሲጠርገው አወቅኩት። ፋብሪካው ቦታውን ለሌላ ሰጥቶታል። ኩታበርም መግባት አልቻለም፤ የዶክተሯን በግ ያበላሸ ሰው ተብሎ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። ገበሬዎቹ «ቀንድ የማይለየው» ይሉታል አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ።

«አልተቀየምኩም» አለ። «ግን ጋሼ፣ እርስዎ የማሽኑ ወዳጅ ነዎት። እስኪ አንድ ቀን ሲመቸዎት ቀስ ብለው ይጠይቁልኝ። ምናልባት ለእርስዎ ይናገር ይሆናል።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እሱም ሳቀና ከረጢቱን ተሸክሞ ሄደ። ከኋላው ሳየው ጎኑን ሸፈፍ አድርጎ ነበር የሚራመደው። የበጉ ቀንድ ይሁን የሲሚንቶው ክብደት አላውቅም። አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ማለዳ ኩታበር ወጣሁ። የጥቅምት ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልረገፈም። ዶክተሯን ከአንድ የገበሬ ጋጥ ደጃፍ አገኘኋት። የሚይዝላት ሰው ስለሌለ አንዱን አውራ ራሷ በጉልበቷ መሐል አጣብቃ፣ በአንድ እጇ ቀንዱን በሌላው መርፌውን ይዛ ትታገላለች።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት? ይያዙልኝ እስኪ!»

ያዝኩላት። ሁለቱን ቀንድ ይዤ፣ በጉ እየተራገጠ፣ ነገርኳት። ኤኖቹን እንዳየሁ፣ የተጣበቀ ቁልፍ እንደመሰለኝ፣ እንዳወጣኋቸው፣ ቁጥሩ እንደተዛባ። ደሙ ብልቃጡ ውስጥ እስኪሞላ ድረስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ መርፌውን ነቀለች፤ ብልቃጡን ከደነች፤ በራሷ እጅ ቁጥሩን ጻፈች።

«አራተኛዋን መስመር ነው የነኩት» አለች።

«አዎ።»

«ማሽን አይስትም አሉት በፊቴ።»

«ማሽኑ አልሳተም።»

«እሱስ ገባኝ።» በጉን ለቀቀችው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ብልቃጡን ከሌሎቹ ጋር አኖረች። ቀና ስትል ድምፅዋ ተለውጧል። «አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ። መቼ ነው ያወቁት? እሱን ሳላሰናብተው በፊት ያውቁ ነበር?»

ይኸውላችሁ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት እዚህ ለመድረስ ነው። ተራራ ወጥቼ፣ ውርጭ መትቶኝ፣ ጥፋቴን በገዛ አፌ ተናግሬ፣ የቀረችኝ አንዲት መልስ ነበረች። ሰውየው ከመሰናበቱ ከሳምንት በላይ አስቀድሜ አውቅ ነበር። ባለቤቴ ታውቃለች፤ የሐረጎ ድንጋይ ያውቃል።

«በፊትማ እንዴት አድርጌ!» አልኩ። «ባለፈው ሳምንት ነው የገባኝ። እንደገባኝ መጣሁ።»

ዶክተሯ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። «አውቀው ዝም ያሉ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ዓይንዎን አላይም ነበር። ሰው ሲስት ይስታል። በዚህ ዕድሜዎ እዚህ ድረስ መጥተው መናገርዎ ትልቅነት ነው።» እጄን ያዘችኝ። እጇ የበግ ጠጉር ቅባትና ደም ነበረበት። እኔም አልነጠቅኋትም።

ፋይሉ ከዚያ በኋላ ወረደ። ማውጫውን ስሠራ ዶክተሯ ከጎኔ ተቀምጣ እያንዳንዷን ትእዛዝ አስነበበችኝ፤ ቀንዱም በቁጥሩ ላይ ተገኘ። ባለ ቀንዶቹ በአንድ ወገን፣ ጎዳዎቹ በአንድ ወገን፤ አንዲት ብልቃጥ አልተቀላቀለችም። በግ ያዡን አስጠርታ በክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀችው። ኩታበርም አብራው ወጥታ ለገበሬዎቹ ስሙን አጠራችለት። ጥናቷንም በአንድ ዓመት ዘግይታ ጨረሰች። እሱ ሥራውን ሲጀምር እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ።

አንድ ቅዳሜ ቀን ቤቴ መጣ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን ቤቴን ጠይቆ ጠይቆ ነው ያገኘው። በነጭ ጨርቅ የቋጠረው የባቄላ እሸት ይዟል። ከኩታበር ደጋ፣ ገና ጤዛው ያልደረቀ። አልቀመጥም አለ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ከለከልኩት፤ በግድ ሳመኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባይደርሱልኝ ስሜ ጠፍቶ ቀርቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌነቱን አስቦ ይደብቅ ነበር። እንዳወቁ ቶሎ መጥተው ነገሯት አለችኝ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።»

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አላየኋትም፤ ግን ትንፋሿን ሰማሁ። «ምንም አይደል» አልኩት። ሌላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ከደጅ ድረስ ሸኘሁት፤ እየዞረ እጅ እየነሣኝ ሄደ።

ስመለስ ባለቤቴ ቋጠሮውን ፈትታ እሸቱን ትፈለፍላለች። አንዱን ፈልፍላ ሳህን ላይ፣ አንዱን ፈልፍላ ሳህን ላይ። ሳህኑ ሲሞላ አንሥታ ፊቴ አስቀመጠችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ብላ እንጂ» አለች። «ላንተ ነው ያመጣው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ያወቅክበትን ቀን አውቀዋለሁ።»

በላሁ። እሸቱ ጣፋጭ ነበር። ሰውየው ከዚያ በኋላም በየዓመቱ በእሸት ጊዜ ይመጣ ነበር፤ ዶክተሯ ከአገር ከወጣች በኋላም ሳይቀር። ባለቤቴ ዐርፋለች፤ ቀኑን የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልቀረም። የሠራሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ የምናገር ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ለእሱ የምናገርበትን ድፍረት እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ከፍ ብዬ የጻፍኩትንም እሱ ያነበዋል ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ጽሕፈቱ ቢያምርም የማንበብ ልማድ የለውም። ይህን ስጽፍ ደግሞ እንደ መጽናኛ አድርጌ እንደጻፍኩት አውቀዋለሁ፤ አልሰርዘውም።